አሥረኛው ከረጢት

ሰኞ ጠዋት ባለሱቁ የመጫወቻ መደብሩን የብረት መዝጊያ ወደ ላይ ጠቅልሎ ሲገባ የኋላ ክፍሉ መብራት እንደበራ አገኘው። ገጣጣሚዋ ማጥፋት ረስታ መስሎት እያጉረመረመ ወደ ውስጥ ዘለቀ። ትልቁ መደርደሪያ ወድቋል፤ ካርቶኖቹ ወለሉን ሞልተውታል። ከካርቶኖቹ ሥር ጫማው የወለቀ አንድ እግር ይታያል።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሐኪሙ አስከሬኑ አጠገብ በርከክ ብሎ ነበር።

«መደርደሪያው ነው የገደላት?» አለችው።

«እስቲ አንዱን ካርቶን አንሺው። ፕላስቲክ ነው፣ ክብደት የለውም። ሰው ላይ ቢወድቅ ቢያሳብጥ ነው። ይቺ ልጅ ከኋላዋ ጠርዝ ባለው ብረት ተመትታለች። መደርደሪያውን የጣሉባት ከሞተች በኋላ ነው።»

«መቼ?»

«ትናንት፣ ከቀትር እስከ አመሻሽ ባለው ጊዜ። ከዚያ በላይ አታስጨንቂኝ።»

ብረቱን ያገኘው ሳጅኑ ነው። የመዝጊያው መጎተቻ ዘንግ ጥግ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በክፍሉ ውስጥ አቧራ የሌለበት ዕቃ እሱ ብቻ ነበር፤ ሰው ወልውሎታል።

ሟቿ የሱቁ ገጣጣሚ፣ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነበረች። ሱቁ የሚሸጠው ከታወቁ ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች የተቀዱ ተገጣጣሚ መጫወቻዎችን ነው፤ በመስኮቱ ቆመው አላፊ አግዳሚውን የሚጠሩት ግንቦችና ዘንዶዎች በሙሉ የእሷ እጅ ሥራዎች ናቸው። ጠረጴዛዋ ላይ ያልተጨረሰ «የንጋት መርከብ» አለ። ሦስት ዓመት በቴሌቪዥን የታየው፣ ሁለት ፊልም የወጣለት፣ ልጅ አዋቂው ያበደለት የዚያ ድራማ ነጭ መርከብ ነው። ፋብሪካው ማምረት ካቆመ ቆይቷል፤ አሁን የሚገኘው በፍለጋ ነው። ተገጣጣሚ ፍሬዎቹ ቁጥር በተጻፈባቸው አሥራ ስምንት ከረጢቶች ተከፋፍለው ይመጣሉ። አሥራ አራቱ ከረጢቶች ባዶአቸውን ቅርጫት ውስጥ ተጥለዋል። አሥራ አምስተኛው ተቀዶ ፍሬዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተበትነዋል።

«ትናንት ሱቁ ዝግ ነበር» አለ ባለሱቁ። «መርከቡን ለመስኮት ላድርሰው ብላ ብቻዋን ነው የገባችው። በሁለት ሰዓት ጀመርኩ ብላ ጽፋልኛለች፤ ይኸው።»

ኢንስፔክተሯ ስልኩን ተቀብላ አነበበች። «እርስዎስ የት ነበሩ?»

«እናቴ ሆስፒታል ተኝታለች። ከማለዳ እስኪመሽ ከአልጋዋ አጠገብ ንቅንቅ አላልኩም። ነርሶቹን ይጠይቁ።»

«የምትጣላው ሰው ነበራት?»

«እሷ ከማንም አትጣላም። እኔን ግን አንድ በያጅ ይዝትብኛል። ሕፃን ልጁ ከሦስት ሳምንት በፊት ሞተችበት፤ ከዚህ የገዛሁት መርከብ ነው የገደላት ብሎ መጥቶ ሰው ፊት አዋረደኝ። ሱቅህን አናትህ ላይ አቃጥለዋለሁ አለኝ።»

«መርከቡ ነው የገደላት?»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም» አለ ባለሱቁ።

መልሱ ኢንስፔክተሯን ጎረበጣት። ግን ጻፈችው።

ከሰዓት በፊት አንድ ሽማግሌ በራሱ እግር ወደ ጣቢያው መጣ። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። የመርከቡ አፍቃሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ በመሆኑ ሁሉም ሰው የሚጠራው ካፒቴን እያለ ነው። ኮቱ ደረት ላይ ትንሽ ነጭ መርከብ ሰክቷል።

«ልጄ፣ በሕይወት ካዩዋት የመጨረሻው እኔ ሳልሆን አልቀርም» ብሎ ጀመረ። «ትናንት ወደ ስብሰባችን ስሄድ ሰላም ልበላት ብዬ ጎራ አልኩ። ዘጠነኛውን ከረጢት ገና ጨርሳ ነበር። ፎቶ አነሳኋት።»

ፎቶው የተነሣበት ሰዓት ከስድስት ተኩል ሁለት ደቂቃ ያለፈ ነው። ገጣጣሚዋ ግማሹን መርከብ ፊቷ አስቀምጣ ተቀምጣለች። አልሳቀችም።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ስብሰባ። ከሰባት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ስልሳ ሰው ፊት ስናገር ነው የዋልኩት።» ዓይኑን ጠረገ። «ልርዳሽ ልጄ። እሷ እጇ እንደ ሰዓት ነበር። አንድ ከረጢት፣ ግማሽ ሰዓት። አትፈጥንም፣ አትዘገይም። ስንተኛው ላይ እንዳቆመች ካወቅሽ ሰዓቱን ታገኚዋለሽ።»

ሳጅኑ ወረቀት ላይ አሰላ። በሁለት ጀመረች፤ ስድስት ተኩል ላይ ዘጠኝ ከረጢት። አሥራ አራተኛውን የጨረሰችው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ከዚያ አሥራ አምስተኛውን ቀደደች።

«ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው የተገደለችው» አለ።

ከሱቁ ጎን ያለችው ልብስ ሰፊ የቀረውን ሞላችላቸው። እሑድ ዕለት አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል በያጁ መጥቶ መዝጊያውን በእርግጫ ሲመታ አይታዋለች። ከዚያ ዞሮ ወደ ኋላ በር ሄደ። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሰው መስሎ ነበር አለች።

በያጁን ሥራ ላይ አገኙት። የፊት መከላከያውን ከፍ አድርጎ ትክ ብሎ አያቸው። ሚስቱ ምሳ ይዛለት መጥታ ነበር፤ ካቴናውን ስታይ ሳህኑ ከእጇ ወደቀ። ያሰረችው ኢንስፔክተሯ ራሷ ናት።

«ልጃችን ከሞተች ወር አልሞላትም» አለች ሚስትየው። «አሁን እሱን ደግሞ ልትወስዱብኝ ነው?»

ኢንስፔክተሯ በያጁን ወደ መኪናው ወሰደችው።

በመርመሪያ ክፍሉ ውስጥ በያጁ የተቃጠሉ ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ።

«ለምን ሄድክ?»

«ጠርታኝ ነው። በአምስት ሰዓት ገደማ ደወለችልኝ። አሥር ሰዓት ላይ ና፣ የማሳይህ ነገር አለ፣ ከዚያ አብረን ፖሊስ ጋ እንሄዳለን አለችኝ።»

«ምን ልታሳይህ?»

«እኔ ምን አውቄ። አልከፈተችልኝማ። ደበደብኩ፣ ጠራሁ፣ በኋላ በር ዞርኩ። የምትቀልድብኝ መሰለኝና ተናድጄ ሄድኩ።»

«በር የመታኸው በእርግጫ ነው።»

«አዎ፣ በእርግጫ ነው። አንቺ ብትሆኚ በምንሽ ትመቺው ነበር?» ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ከዚያ ዝቅ አለ። «ክብሪቱን ስጡኝ። ሲፈትሹኝ የወሰዱትን።»

ሳጅኑ የክብሪት ሳጥኑን አመጣ። በያጁ በጥፍሩ ገፋ አድርጎ ከፈተው። ውስጡ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት የሚያብረቀርቁ ክብ ነገሮች ተጣብቀው ተኝተዋል።

«ማግኔት ነው። ሐኪሞቹ ከልጄ ሆድ ያወጡት። አንዱን አንድ ቀን ዋጠች፣ ሌላውን በማግስቱ። አንጀቷ ውስጥ ተፈላልገው ተጣበቁ፤ መሐል ያለውን ሥጋ በሱት። አራት ዓመቷ ነው። ድራማውን ጭኔ ላይ ተቀምጣ ነበር የምታየው። መርከቡን እኔ ገጣጥሜ ሰጠኋት። በሮቹ በማግኔት ነው የሚዘጉት፤ ቀጭ ሲል ትስቃለች። ሳጥኑ ላይ ተረጋግጧል የሚል ክብ ስቲከር አለበት፤ ያንን አይቼ ነው የገዛሁት።»

«ለምን ቀድመህ ለፖሊስ አላመለከትክም?»

በያጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ሳቁ ደስ አይልም። «እዚሁ ጣቢያ መጥቼ ጽፌ ሰጥቻለሁ። ቢሮሽ ካለበት ፎቅ በታች።»

ኢንስፔክተሯ ደረጃውን ወርዳ መዝገብ ቤት ገባች። ማመልከቻው በሁለተኛው መሳቢያ ከፎቅ ጥገና ጥያቄዎች ጋር ተቀላቅሎ ተኝቷል። አንድ ሰው ከላዩ ላይ በእርሳስ «አይመለከተንም» ብሎ ጽፎበታል። ፊደሉን አወቀችው፤ የአለቃዋ ነው። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

አለቃዋ በማግስቱ ጠዋት አስጠራት። «ዛቻ አለ፣ ምስክር አለ፣ ሰዓቱ ገጥሟል። ሰውየው ብረት ሠራተኛ ነው፣ የተመታችውም በብረት ነው። ምን ቀረሽ?»

«በር የሚከፍትለት ሰው ከሌለ እንዴት ገባ? ብትከፍትለት ደግሞ ለምን በእርግጫ ይመታል?»

«ቀድሞ ከፈተችለት፣ ገድሎ ሲወጣ ደግሞ ለማስመሰል መታው።»

«ጎረቤት ሁሉ እያየው?»

«እስከ ነገ ዝጊው» አለ አለቃዋ።

ከዚያ ወጥታ ሆስፒታሉ ደወለች። ነርሷ ያለ ማመንታት አረጋገጠች፤ ባለሱቁ እሑድን ሙሉ እናቱን በማንኪያ ሲያጎርስ ነው የዋለው። የሟቿ የስልክ ጥሪ ዝርዝርም ደረሰ። በያጁ አልዋሸም፤ አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ ደውላለታለች። ከእሱ በፊት ልክ በአምስት ሰዓት ሌላ ሰው ጋ ደውላ ሰባት ደቂቃ አውርታለች። ቁጥሩ የካፒቴኑ ነው።

«ጎራ አልኩ ነበር ያለን» አለች ኢንስፔክተሯ። «መደወሏን አልነገረንም።»

«ሽማግሌ ነው፣ ረስቶት ይሆናል» አለ ሳጅኑ። «ደግሞ ከሰባት ተኩል በኋላ ስልሳ ምስክር አለው።»

ኤግዚቢት ክፍል ገብታ መርከቡን ከመደርደሪያ አወረደችው። ክፍሉ ጨለም ያለ ስለሆነ ተሸክማ መስኮት ሥር አስቀመጠችው። የጠዋት ፀሐይ አረፈችበት። ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ከዚያ ተነሥታ ቀረበች።

የፊቱ ነጭና የኋላው ነጭ አንድ አይደሉም። የፊቱ ወተት ነው። የኋላው ሰማያዊ የነካው ነጭ ነው። በሱቁ አምፖል ሥር ልዩነቱ አይታይም ነበር።

የፊቱን በር በጥፍሯ ከፈተችው። ቀጭ ብሎ ተመልሶ ተዘጋ። ማግኔቱ አይታይም፤ ፕላስቲኩ ውስጥ ተቀብሯል። የኋላውን በር ስትከፍተው አንድ የምስር ፍሬ የሚያህል ነገር ተፈናቅሎ ወጣና ጠረጴዛው ላይ የነበረው መቀስ ላይ ጥብቅ አለ።

የክብሪት ሳጥኑን አምጥታ ከጎኑ አስቀመጠችው። አንድ ዓይነት ናቸው።

«መመሪያውን አምጣልኝ» አለች።

ሳጅኑ ወፍራሙን የመገጣጠሚያ መጽሐፍ ገለጠላት። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት ከረጢቶች የፊቱን ክፍል ይሠራሉ። ከአሥር እስከ አሥራ አራት ያሉት የኋላውን። ሁለቱ ክፍሎች ለየብቻ ተሠርተው በአራት መቆለፊያ ይያያዛሉ። አሥረኛው ከረጢት መክፈቻ ገጽ ላይ በመርከቡ ወንበር ላይ የምትቀመጠው የትንሿ ካፒቴን ምስል ሥዕል አለ፤ የመጀመሪያው እትም ሳጥን ሁሉ የራሱ ቁጥር እንዳለውና ያው ቁጥር በምስሏ እግር ሥር እንደተቀረጸ ይገልጻል። ኢንስፔክተሯ ከመርከቡ ወንበር ላይ ምስሏን አንሥታ ገለበጠቻት። እግሯ ልሙጥ ነው። ሳጥኑን አገላበጠች። ቁጥሩ 2061 ነበር።

«ሁለት መርከብ ነበር» አለች በዝግታ። «አንዱ ፎርጅዱ ነው፤ ገጣጥማ ጨርሳዋለች። ሁለተኛው እውነተኛው ነው። ጎን ለጎን አስቀምጣ ለበያጁ ልታሳየው ነበር። የገደላት ሰው የፎርጅዱን ጀርባ ነቅሎ እዚህ ገጠመው። የእውነተኛውን ከረጢቶች ቀዶ ፍሬውን ወሰደ። አምስት ከረጢት በአንድ ደቂቃ።»

ሳጅኑ ስሌቱን የጻፈበትን ወረቀት አወጣና አየው። «ስለዚህ አሥረኛውን ከረጢት እሷ አልነካችውም።»

«አልነካችውም። ከስድስት ተኩል በኋላ ምንም አልሠራችም። ዘጠኝ ሰዓትን የፈጠረልን ሌላ ሰው ነው። በሰዓቱ ማን ነው የሚጠቀመው? ባለሱቁ ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል ነበር፤ ቢዘገይም ቢፈጥንም ግድ የለውም። በያጁን ይገድለዋል እንጂ አያድነውም።»

ሳጅኑ ወረቀቱን አጠፈው።

«አንድ ከረጢት፣ ግማሽ ሰዓት» አለች። «ያስተማረን ማን ነው?»

ባለሱቁን ባንኮኒው ጀርባ አገኘችው። መርከቦቹን ከማን እንደሚያመጣ ስትጠይቀው መስታወቱን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ።

«ማምረት ስላቆሙ ኦሪጅናል ማግኘት ከባድ ነው። ካፒቴኑ ነበር የሚያመጣልኝ። ስቲከሩንም እሱ ነው የሚለጥፈው፣ የማኅበሩ ማረጋገጫ ነው። እሱ አየሁት ካለ እኔ ምን ብዬ እጠራጠራለሁ?»

«ሕፃኗ ከሞተች በኋላስ?»

«ጠየቅሁት። ችግር የለውም አለኝ።»

«ከዚያ በኋላ ሸጡ?»

ጨርቁ ቆመ። «ሁለት ብቻ።»

ኢንስፔክተሯ ጨርቁን ከእጁ ነጥቃ ባንኮኒው ላይ ወረወረችው። «ከእናትህ አልጋ አጠገብ ንቅንቅ አላልክም። የሰው ልጅ ግን ምንህም አይደለችም።» አንተ ስትለው ባለሱቁ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። «የትም እንዳትሄድ። ወደ አንተም እመለሳለሁ።»

የካፒቴኑ ቤት ንጹሕ ነው፤ ሳሎኑ ግድግዳው ሙሉ የመስታወት ቁም ሳጥን ነው። መርከቦች፣ ግንቦች፣ በመደዳ የቆሙ ትንንሽ ምስሎች። የፍተሻ ወረቀቱን ስታሳየው አልተቃወመም።

«ተመልከቺ ልጄ፣ ተመልከቺ። ሃያ ዓመት የሰበሰብኩት ነው።»

«እሑድ ጠዋት ምን አለችዎት? በስልክ።»

«ደወለች እንዴ? አዎ፣ ልክ ነሽ። ስለ መርከቡ ልትጠይቀኝ።»

ኢንስፔክተሯ መደዳውን እየተከተለች ሄደች። በሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ሰባት የካፒቴን ምስሎች ቆመዋል። መስታወቱን ከፍታ አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው።

«እባክሽ በጓንት» አለ ካፒቴኑ። «ቀለሙ ይለቃል።»

ስድስተኛዋን ስታነሣ ቆመች። ከእግሯ ሥር 2061 ተቀርጿል። ጮክ ብላ አነበበችው፤ ሳጅኑም የሳጥኑን ፎቶ አውጥቶ ደገመው።

«የፎርጅዱን ፊት የትም ጥለውታል» አለች። «የእውነተኛውን አምስት ከረጢት ፍሬም ይህ ቤት ሲበረበር እናገኘዋለን። ይህችን ግን መደበቅ እንኳ አልቻሉም፤ ደርድረዋታል።»

ካፒቴኑ ወንበሩን በእጁ ዳብሶ ተቀመጠ። ሲናገር የአስተማሪ ድምፁ አልተለወጠም።

«መርከቦቹን የሚያመጣልኝ ሰው ከኦሪጅናሉ አይለዩም ብሎኝ ነበር። እኔም መለየት አቃተኝ፤ እኔ። እሷ ግን በአንድ ቀን ለየቻቸው። ጠርታ ሁለቱን አሳየችኝ። ራስህ ተናገር፣ በያጁ እስኪመጣ እስከ አሥር ሰዓት ጊዜ እሰጥሃለሁ አለችኝ። ለምኛታለሁ። ማኅበሩ ይፈርሳል አልኳት። ስሜን የሕፃን ገዳይ ብለው ይጠሩታል አልኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሥራዋን ቀጠለች። አሥረኛውን ከረጢት ልትቀድ ነበር።»

«ከዚያ በያጁ በአሥር ሰዓት እንደሚመጣ እያወቁ ሰዓቱን እሱ ላይ ገፉት።»

«እሱ ቀድሞም ዝቶ ነበር» አለ ካፒቴኑ። «ሰው ያምናል ብዬ።»

«ያቺ ሕፃን አራት ዓመቷ ነበር።»

«እኔ እኮ ለትልልቅ ሰው ነው የምለው፣ ልጄ። ሳጥኑ ላይም ተጽፏል…»

«ልጄ አትበለኝ» አለች ኢንስፔክተሯ። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ሳጅኑ ግን አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተጠጋ። ካቴናውን ራሷ አላሰረችም። እጇን ስላላመነችው ለሳጅኑ ሰጠችው።

በማግስቱ የሟቿ ታላቅ እህት አንድ ደብተር ይዛ ጣቢያ መጣች። ከእህቷ አልጋ ራስጌ ያገኘችው ነው። ገጣጣሚዋ መርከቡን የገዙትን ሰዎች ስምና ስልክ ከሱቁ የዋስትና ካርዶች ላይ በእጇ ገልብጣበታለች። አርባ አንድ ሰው። አሥራ አንዱ ፊት ምልክት አለ። ከአንዳንዱ ጎን «ነግሬዋለሁ፣ ይጥለዋል» ይላል፤ ከአንዱ ጎን «ሰደበኝ፣ እንደገና ልደውል»።

ኢንስፔክተሯ ደብተሩን ይዛ አለቃዋ ቢሮ ገባች።

«ለንግድ ቢሮ ደብዳቤ ጻፊ» አለ። «መሰብሰብ የእነሱ ሥራ ነው።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? አይመለከተንም።»

ኪሷ ውስጥ ያለውን ማመልከቻ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በእርሳስ የተጻፈው ወደ እሱ ዞሯል። «ይህን ባለፈው ጊዜም ብለውታል» አለች። «የዛሬውን ቀን ጨምሬበት ወደ በላይ አካል እልከዋለሁ።» መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች።

በያጁን ከጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሞ አገኘችው። ቀበቶውንና የክብሪት ሳጥኑን ሊረከብ ነው የመጣው። ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች።

«ሚስትህ ፊት ነው ያሰርኩህ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ይቅርታ ብልህ ምን ያደርግልሃል?»

«ምንም» አለ በያጁ። ቀበቶውን ታጠቀ። ከዚያ ዓይኑ ደብተሩ ላይ አረፈ። «ይሄ ምንድነው?»

ነገረችው። ቆሞ ስሞቹን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። የራሱን ስም አገኘው፤ ከጎኑ ምንም አልተጻፈም።

«ሠላሳ ሰው ቀርቷል?»

«ሃያ ዘጠኝ።»

ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። «ያንን ስልክ ወደዚህ አድርጊልኝ።»

ኢንስፔክተሯ ገፋችለት፤ የራሷንም ስልክ አውጥታ ከታች ካለው ስም ጀመረች። በያጁ የመጀመሪያውን ቁጥር በወፍራም ጣቱ ቀስ ብሎ መታ። ሲነሣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አያውቁኝም» አለ። «የንጋት መርከብ እቤትዎ አለ? ከልጅ እጅ ያውጡት፤ አሁን፣ ስልኩ ላይ እያሉ። የመርከቡን የኋላ በር ይክፈቱት።»

አዳመጠ። ፊቱ ጠቆረ።

«እብድ አይደለሁም» አለ። «ምንም የምሸጥልዎት ነገር የለም፤ ይስሙኝ…»

ተዘጋበት። መያዣውን አስቀምጦ መልሶ አነሣው። ከዚያ ያንኑ ቁጥር እንደገና መታ።